ያ ፈገግታ የት ሄደ? ስለ ጥንት ግሪክ ሐውልቶች አንድ የከነከነኝ ነገር

መንገደኛው፦

ሰላም ለዚህ ቤት።

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ኒው ዮርክ ሄጄ ግማሽ ቀን ተረፈኝ። ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገባሁ። እውነቱን ለመናገር የገባሁት ብርዱን ሽሽት ነው። ወደ ግሪክ ክፍል ሳልፍ አንድ ወጣት ቆሞ አገኘሁ። ከእብነ በረድ የተሠራ ነው። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። እጆቹን ጨብጦ ከጭኑ ጋር ለጥፏል። ግራ እግሩን ትንሽ አስቀድሟል። ፊቱ ቀጥታ ወደ ፊት ነው። አባቴ በወጣትነቱ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ፎቶ ትዝ አለኝ። «እንዳትንቀሳቀስ» የተባለ ሰው አቋም ነው። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ590 እስከ 580 ባለው ጊዜ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የጥንት ዓመቶች ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው፤ እየደጋገምኩ አላደክማችሁም።)

ትንሽ አለፍ ስል ሌላ ወጣት አለ። ራሱ ላይ ጥብጣብ እያሰረ ነው። ፖሊክሌይቶስ የሚባል ሰው በ430 ገደማ በነሐስ ሠራው፤ በኋላ ሮማውያን በድንጋይ ገለበጡት። ይሄኛው ሰው ነው! ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጥሏል። ዳሌው ወደ አንድ ወገን፣ ትከሻው ወደ ሌላው ዘንበል ብሏል። ታክሲ መጠበቅ የሰለቸው ጎረምሳ ይመስላል።

በሁለቱ መካከል 150 ዓመት ገደማ ነው። አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ትውልድ። ምን ነክቷቸው ነው በዚህ ፍጥነት የተለወጡት? ደግሞ መሃል ላይ የተሠሩትን ኢንተርኔት ላይ ሳይ አብዛኞቹ ፈገግ ብለዋል። ከዚያ በድንገት ፈገግታው ድርግም ይላል። የት ሄደ? የምታውቁ አስረዱኝ።


ጀማሪ፦

ከዚያ በፊት ግን፣ ለምንድነው ራቁታቸውን የሚቆሙት? ሃሃሃ። የምር ነው የምጠይቀው።


ቀለም ቀቢ፦

@ጀማሪ ጥያቄህ አያስቅም፤ ትልቅ ጥያቄ ነው። ግሪኮች ስፖርት የሚሠሩት ራቁታቸውን ነበር። «ጂምናዚየም» የሚለው ቃል ራሱ ራቁት ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ለነሱ የወጣት ወንድ ገላ የጀግንነትና የጨዋ ልጅነት ምልክት ነበር። ሴቶቹን ግን ያለብሷቸዋል። ትልቅ የሴት ሐውልት ራቁቱን መሥራት የተለመደው ፕራክሲቴሌስ አፍሮዲቴን ከሠራ በኋላ ነው፤ እሱም 350 አካባቢ ነው።

ወደ @መንገደኛው ልመለስ። ያየኸው የመጀመሪያው ወጣት ዓይነት «ኩሮስ» ይባላል። ጎረምሳ ማለት ነው። የሴቷ ደግሞ «ኮሬ»። መቃብር ላይ ይቆማሉ ወይም ለአምላክ ይሰጣሉ። የአንድ የተወሰነ ሰው መልክ አይደሉም። አቴንስ ያለውን ክሮይሶስ የሚባለውን ብታይ፣ 530 አካባቢ የተሠራ ነው፣ ጭኑና ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ፈገግ ያለ ቆንጆ ልጅ ነው። እግሩ ሥር የተጻፈው ግን «ቆም በልና አልቅስ፣ በግንባር ሲዋጋ የሞተው የክሮይሶስ መቃብር ነው» የሚል ነው። ሙት ነው የሚስቅልህ!

ስለዚህ ያ ፈገግታ ደስታ አይደለም። የሚመስለኝ «ይህ ድንጋይ ሕይወት አለው» ለማለት የተገኘ ዘዴ ነው። ጉንጭና ከንፈር የሚገናኙበትን ቦታ በድንጋይ መሥራት ከባድ ነው፤ ከንፈሩን ወደ ላይ ስታጥፈው ፊቱ ይነቃል። ሌላ መላ ሲያገኙ ተዉት።


ጥቁር አፈር፦

ሁሌ የሚዘለለውን ልናገር። ያ አቋም የግሪክ አይደለም። የግብፅ ነው። ግራ እግር ወደፊት፣ እጅ ጭብጥ፣ ፊት ቀጥታ። ከግሪኮቹ 2,000 ዓመት በፊት ግብፆች እንዲያ ሲያቆሙ ኖረዋል።

ግሪኮች እንዴት አዩት? ቅጥር ወታደር ሆነው ሄደው ነው። የግብፁ ፈርዖን ቀዳማዊ ፕሳሜቲክ በ600ዎቹ የግሪክ ወታደር ቀጥሯል። ናውክራቲስ የምትባል የንግድ ከተማ ናይል ዴልታ ውስጥ ነበረቻቸው። ዳግማዊ ፕሳሜቲክ በ593 ገደማ ወደ ደቡብ ሲዘምት አብረውት የወረዱ ግሪኮች አቡ ሲምበል ላይ ያለው ትልቁ የራምሴስ ሐውልት እግር ላይ ስማቸውን ጭረው ሄደዋል። ዛሬም ይነበባል። ሄሮዶቱስ ያንን ዘመቻ «ወደ ኢትዮጵያ» ብሎ ነው የሚጠራው!

ሁለት የሳሞስ ደሴት ቀራጮች፣ ወንድማማቾቹ ቴሌክሌስና ቴዎዶሮስ፣ የአንድ ሐውልት ግማሹን አንዱ ሳሞስ ላይ፣ ሌላውን ግማሽ ሌላው ኤፌሶን ላይ ሠርተው ሲገጥሙት ልክክ አለ ይባላል። ይህን የጻፈው የታሪክ ጸሐፊው ዲዮዶሮስ ራሱ ግሪክ ነው። ዘዴውም የግብፅ ነው ብሎ በግልጽ አስቀምጧል። እና «የግሪክ ተአምር» እያልን እስከ መቼ?


ሞጋች፦

@ጥቁር አፈር የጻፍከው ልክ ነው። ድምዳሜህ ላይ ግን አልስማማም።

አንደኛ፣ የሄሮዶቱስ «ኢትዮጵያ» ከአስዋን በታች ያለው የኩሽ አገር ነው። የዛሬውን ካርታ ይዘን አንሩጥበት። ሆሜር አማልክቱ ለግብዣ ወደ ኢትዮጵያውያን ሄዱ ሲልም ሩቅ፣ የዓለም ዳር ያለ ሕዝብ ማለቱ ነው። ደስ ይላል፣ ግን ልክ ልኩን እንንገረው።

ሁለተኛ፣ ተማሩ ማለትና እዚያው ቀሩ ማለት ይለያያል። ግብፃዊው ቀራጭ ሐውልቱን ሲሠራ በእግሮቹ መካከል ያለውን ድንጋይ አያወጣውም፤ ጀርባው ላይም ምሰሶ ይተዋል። ሽርጥም ያስታጥቀዋል። ግሪኩ ገና ከመጀመሪያው ምሰሶውን አነሳ። በክንድና በጎን መካከል ያለውንም ፈልፍሎ አወጣ። በሁለት እግሩ ብቻ አቆመው። ይሄ ሞኝነት ነው፣ በቀላሉ ይሰበራል። ግን እንዲቆም የፈለጉት ሰው ሆኖ ነው።

ጥያቄው ከማን ወሰዱ አይደለም። ከወሰዱ በኋላ ለምን አላረፉም የሚለው ነው።


ቀለም ቀቢ፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሲያይ «ያልተሻሻለ ሥዕል» የምንለው ነገር ያናድደኛል። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ያዩናል። ሰይጣንና አላውያን በአንድ ዓይን፣ በጎን ነው የሚሣሉት። ሠዓሊው ፊት ማዞር ስላቃተው አይደለም፤ ፊት ማዞር ትርጉም ስላለው ነው። የግብፁም እንዲሁ ነው። ያ ሐውልት የሙቱ ነፍስ የምታርፍበት ቤት ነው። ቤት ዳሌውን አያዘነብልም። ለመለወጥ ምክንያት አልነበራቸውም።

ግሪኮች ምክንያት ነበራቸው። ምን እንደሆነ ነው የምንፈልገው።


የአቴንሷ፦

ሰላም። እኔ እዚሁ አቴንስ ነኝ፣ ከመጣሁ 14 ዓመቴ። አሮጊት እያስታመምኩ ነው የምኖረው። እሑድ እረፍቴ ነው፣ አንዳንዴ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሙዚየም እገባለሁ። መጀመሪያ የገባሁት በበጋ ሙቀት አየር ማቀዝቀዣውን ፍለጋ ነው። @መንገደኛው ያንተ ብርድ የኔ ሙቀት፣ ሁለታችንንም አየር ንብረቱ ነው ያስተማረን።

የአክሮፖሊስ ሙዚየም ውስጥ ፈገግታዎቹን በብዛት ታያላችሁ። ኮሬዎቹ በረድፍ ቆመዋል። ጸጉራቸው በሹሩባ ወርዷል፣ ቀሚሳቸውን በጣታቸው ያዝ አድርገዋል። አንዳንዶቹ ላይ ቀለም አለ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። አዎ፣ ነጭ አልነበሩም! ሁሉም ይቀቡ ነበር። ቀለሙ የተረፈበት ምክንያት ደግሞ አሳዛኝ ነው። በ480 ፋርሶች ከንጉሣቸው ከዜርክሲስ ጋር መጥተው አቴንስን አቃጠሉ። አክሮፖሊስ ላይ ያለውን ሐውልት ሁሉ ገለባበጡት፣ ራስ ራሱን መቱት። አቴናውያን ሲመለሱ ስብርባሪውን አልጣሉትም፤ እዚያው ኮረብታው ላይ ቀበሩት። 2,300 ዓመት ከፀሐይና ከዝናብ ተደብቆ ቆየ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1880ዎቹ ተቆፍሮ ወጣ።

ከዚያ ስብርባሪ ጋር የወጣ አንድ ልጅ አለ። «የክሪቲዮስ ልጅ» ይሉታል። የቀራጩን የክሪቲዮስን ሥራ ስለሚመስል ነው እንጂ ስሙ ተጽፎበት አይደለም። ትንሽ ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ17 ያህል፣ እግሮቹ ከታች የሉም። ግን ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ ነው። ቀኝ ጉልበቱ ላላ ብሏል። ፊቱን በጣም በትንሹ ዞር አድርጓል። አይስቅም።

እዚህ አስጎብኚዎቹ የሚሉት ይህን ነው፦ ጦርነቱ መጣ፣ ከተማው ተቃጠለ፣ ሰዉ በሳላሚስና በፕላቴያ አሸነፈ፣ ልጅነቱ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የሚስቅ ሐውልት የለም። እኔም እስከ ዛሬ የማምነው ይህንኑ ነው።


መንገደኛው፦

ኧረ ይሄ ጥሩ መልስ ነው! በቃኝ ልል ነው።


ሞጋች፦

አይብቃህ። «ጦርነት መጣ፣ ፈገግታ ጠፋ» የሚለው ለአስጎብኚ ይመቻል። ግን ሂሳቡ አይገጥምም። ያ ልጅ የተሠራው ከ480 በፊት ይሁን በኋላ ራሳቸው ምሁራኑ ይከራከሩበታል። ለውጡ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ከሆነ ጦርነቱ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

የአይጊና ደሴት ቤተ መቅደስን ሐውልቶች ተመልከቱ፤ አሁን ሙኒክ ናቸው። በምዕራቡ በኩል አንድ ወታደር ደረቱ ላይ ቀስት ተሰክቶበት ወደኛ ዞሮ ይስቃል። በምሥራቁ በኩል ያለው ደግሞ ጋሻውን እንደያዘ ቀስ እያለ ወደ መሬት ይወድቃል፣ ዓይኑ ሊከደን ነው። አንድ ቤተ መቅደስ ነው! በመካከላቸው 10፣ ቢበዛ 20 ዓመት ነው ያለው።


ቀለም ቀቢ፦

@ሞጋች ላግዝህ። የሸክላ ሥዕሉን ካያችሁ ጦርነቱ ከነጭራሹ ይዘገያል።

እስከ 530 አካባቢ ድረስ አቴንስ ውስጥ ሰዎቹን በጥቁር ነበር የሚሥሉት። ዝርዝሩን በሹል ነገር እየጫሩ ያወጡታል። ከዚያ አንድ ሰው ነገሩን ገለበጠው። ዙሪያውን አጠቆረና ሰዎቹን በሸክላው ቀይ ቀለም ተዋቸው። አሁን መጫር ቀረ፤ በብሩሽ ወፍራምም ቀጭንም መስመር መሳብ ተቻለ። ጡንቻ፣ የቁርጭምጭሚት አጥንት፣ የቀሚስ እጥፋት። (ጥቁሩ ቀለም አይደለም፣ ያው ጭቃ ነው፤ በጣም የላመ። ምድጃው ውስጥ አየሩን እየከፈቱና እየዘጉ በማቃጠል ነው አንዱ ጠቁሮ አንዱ ቀልቶ የሚቀረው። ይህን ያገኘ ሰው ስንት ሸክላ አበላሽቶ ይሆን?)

እና በ510 አካባቢ ኤውቲሚዴስ የሚባል ሠዓሊ ሦስት ሰክረው የሚጨፍሩ ሰዎች ሣለ። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶናል፣ ወገቡ ተጠማዟል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ብዙም አይታይም። ጎኑ ላይ ምን ጻፈ መሰላችሁ? «ኤውፍሮኒዮስ እንዲህ አድርጎ አያውቅም!» ኤውፍሮኒዮስ እዚያው ሰፈር ያለ ተፎካካሪው ነው። እንደ ሁለት አዝማሪ መወራረፍ በሉት። ሸክላው ሙኒክ አለ።

ስለዚህ ፋርሶች ከመምጣታቸው 30 ዓመት በፊት፣ ሸክላ ሠሪዎች መንደር ውስጥ ገላ ማዞር ተጀምሯል። ያስጀመረው ሐዘን አይደለም፤ ቅናት ነው። የጎረቤት ቅናት።


ጀማሪ፦

ኤውፍሮኒዮስ መልሶ አልጻፈበትም? ሃሃሃ


ቀለም ቀቢ፦

መልሱን በሥራው ሰጥቷል። ሰውየው ቀላል አይምሰልህ።


አንጥረኛው፦

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። አብዛኛውን ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን እጄ አላስቻለኝም። 40 ዓመት በአንጥረኝነት ሠርቻለሁ፣ ብዙውን ፒያሳ። መስቀልም ቀለበትም አፍስሻለሁ።

ሁላችሁም ስለ ድንጋይ ነው የምታወሩት። መጀመሪያ ላይ @መንገደኛው ራሱ ጽፎታል፤ ሁለተኛው ወጣት መጀመሪያ የተሠራው በነሐስ ነው። ይህን አልፋችሁት ሄዳችሁ።

ድንጋይ የሚቀርጽ ሰው ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። አራት ማዕዘን ድንጋይ ያቆማል፣ በፊቱ የፊቱን፣ በጎኑ የጎኑን መልክ ይሥላል፣ ከዚያ በመሮ እየቀነሰ ይገባል። ለዚህ ነው እነዚያ ቀጥ ያሉ ወጣቶች አራት ፊት ያላቸው የሚመስሉት። የቀነስከውን መመለስ አትችልም። ስለዚህ ትፈራለህ። የሚፈራ እጅ ደግሞ አባቱ የሠራውን ነው የሚደግመው።

የነሐስ ሥራ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ጭቃ ነው፣ ከዚያ ሰም። ሰም ላይ ትጨምራለህ፣ ትቀንሳለህ። ክንዱን ታጥፋለህ፣ ካልወደድከው ታቃናለህ። ከዚያ ሰሙን በጭቃ ትሸፍነዋለህ፣ ታሞቀዋለህ፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ ነሐሱን ታፈሳለህ። ሰምና ወርቅ የምንለው ቅኔ ከየት መጣ ብላችሁ ነው? ከዚሁ ከአንጥረኛ ቤት ነው። ሰሙ ሄዶ ወርቁ ይቀራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለትልቅ ሐውልት ሙሉውን ድፍን አታፈስም። ውስጡ ጭቃ ሆኖ ነሐሱ ስስ ይሆናል። ክፍል በክፍል ይፈስሳል፣ ከዚያ ይገጣጠማል። ስስ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ነሐስ ስለሆነ ደግሞ አይሰበርም። ክንዱን ብትዘረጋው አይወድቅም። ድንጋይ ግን ክንዱን ዘርግቶ ይቅርና ቁርጭምጭሚቱ ላይ እንኳ ክብደቱን አይችልም። ሮማውያን የገለበጧቸውን ስታዩ እግሩ አጠገብ የዛፍ ጉቶ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ነሐሱ ጉቶ አያስፈልገውም ነበር።

@ጥቁር አፈር የጠቀስከው የሳሞሱ ቴዎዶሮስ፣ ግሪኮቹ ነሐስ ማፍሰስን ለነሱ ያስጀመረው እሱ ነው ይሉታል፤ ከሌላው የሳሞስ ሰው ከሮይኮስ ጋር። ከግብፅ ድንጋዩን የተማረው ሰውና ሰሙን የጀመረው ሰው አንድ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው የሳቅኩት።

የኔ እምነት ይኸው ነው። በ500 አካባቢ ትልልቁ ትእዛዝ ወደ ነሐስ ሄደ። እጁ ሰም የለመደ ሰው ገላ ሲያስብ ታጣፊ አድርጎ ያስባል። ድንጋይ ቀራጩ ደግሞ እንዳይበለጥ ተከተለው።


መንገደኛው፦

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ታዲያ ነሐሶቹ የት አሉ? ሙዚየሙ ውስጥ ትልልቅ የግሪክ ነሐስ እንደ ድንጋዩ አላየሁም።


አንጥረኛው፦

ቀልጠዋል ልጄ። ነሐስ ጠላቱ ይኸው ነው። የተቸገረ ሁሉ አቅልጦ ሳንቲም፣ መሣሪያ፣ ደወል ያደርገዋል። የተረፈው የጠፋው ነው። ባሕር የዋጠው፣ መሬት የናደበት። ሪያቼ የሚባሉት ሁለት ጦረኞች እ.ኤ.አ. በ1972 ጣልያን ዳርቻ ላይ ከባሕር ወጡ። ከንፈራቸው ከመዳብ ነው። አንደኛው አፉን ገርበብ አድርጎ የብር ጥርስ ያሳያል። የብር ጥርስ! ያንን የሠራ አንጥረኛ እጁን ብስመው ደስ ባለኝ።


የአቴንሷ፦

ጋሼ፣ እዚህ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥም አንድ አለ። አርቴሚሲዮን አካባቢ ከባሕር የወጣ፣ ከ2 ሜትር በላይ፣ ክንዱን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሊወረውር የተዘጋጀ። ዜውስ ነው፣ የለም ፖሴይዶን ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። በእጁ ያለው ስለጠፋ። መብረቅ ከሆነ ዜውስ፣ ሦስት ጣት ያለው ጦር ከሆነ ፖሴይዶን። እግሩ አጠገብ ጉቶ የለም፣ ምንም የለም። እርስዎ እንዳሉት ነው።


ጥቁር አፈር፦

እሺ፣ ለጋሼ ሰገድኩ። ግን አንድ ሰው ገንዘቡን ያንሳ። ነሐስ በነፃ አይመጣም።


ሞጋች፦

እኔ ላንሳው፤ ለዚህ ነው የተፈጠርኩት።

አቴንስ ላውሪዮን የሚባል የብር ማዕድን ነበራት። በ483 ገደማ ትልቅ የብር ሥር ተገኘና በዚያ ገንዘብ መርከብ ሠሩ፣ በመርከቡ ፋርስን አሸነፉ። ያንን ብር የሚቆፍሩት ባሮች ናቸው፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ በኩራዝ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ደሴቶቹና የባሕር ዳር ከተሞቹ ፋርስ ተመልሶ እንዳይመጣ ብለው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ግምጃ ቤቱ ዴሎስ ደሴት ላይ ነበር። በ454 አቴንስ ወደ ራሷ ወሰደችው። በ447 ፓርተኖን፣ አክሮፖሊስ ላይ ያለው የአምላካቸው የአቴና ቤተ መቅደስ፣ ተጀመረ። ቀኖቹን አስተያዩዋቸው።

ያኔም ዝም አልተባለም። የከተማዋ መሪ የፔሪክልስ ተቃዋሚዎች በሸንጎ ተነስተው፣ በጓደኞቻችን ገንዘብ ከተማዋን እንደ ጌጠኛ ሴት ታስጌጣታለህ ብለው ወቅሰውታል፤ ፕሉታርክ ጽፎታል። ውስጥ የቆመችው የአቴና ሐውልት ላይ ብቻ 40 ታላንት ወርቅ ነበር፣ ከ1,000 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ደግሞ እየተነቀለ የሚወጣ ነበር፤ ክፉ ቀን ከመጣ ሊበደሩት። አምላክም ባንክም ናት።

የሚገርመኝ ደግሞ የደመወዙ ነገር ነው። ከፓርተኖን አጠገብ ያለው ኤሬክቴዮን ሲሠራ ሂሳቡን በድንጋይ ላይ ጽፈውታል። ዜጋው፣ መጤውና ባሪያው ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ ብዙውን ጊዜ ለእያንዳንዳቸው በቀን 1 ድራክማ ይከፈላል። (የባሪያውን ጌታው ይቀበላል፣ አትታለሉ።) ለግድግዳው ጌጥ የሚቀረጽ አንድ ሰው ምስል 60 ድራክማ። ማንም «ሊቅ አርቲስት» አይባልም። በቁራጭ የሚከፈለው ባለሙያ ነው።


ጥቁር አፈር፦

ይሄ ነው! በብሔራዊ ቴሌቪዥን ይነበብልኝ።


አወያይ፦

ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው። ሁለት ስድብ ያለባቸው መልሶችን አንስቻለሁ። ስለ ኤልጂን እብነ በረዶች (ከፓርተኖን ተነቅለው ወደ እንግሊዝ ስለተወሰዱት) እና ስለ እንግሊዝ ሙዚየም መነጋገር የምትፈልጉ ለብቻ ክር ክፈቱ፤ ያንን እዚህ ከጀመርን ዓመት አይበቃንም።


ቀለም ቀቢ፦

@ሞጋች ገንዘቡ ፓርተኖንን ያስረዳል። ጉልበቱ ላላ ያለውን ልጅ ግን አያስረዳም። ልጁ ሲሠራ ግምጃ ቤቱ ገና አልተወሰደም። ገንዘብ ያለውን ነገር ያበዛል፣ ያተልቃል። ፓርተኖን ላይ የሆነውም እሱ ነው፤ 92 የተቀረጹ ሰሌዳዎች፣ 160 ሜትር የሚዞር የሰልፍ ቅርጽ፣ ሁሉም በ15 ዓመት። በዚያ ፍጥነት መሥራት የቻሉት እጁ ቀድሞ ስለሠለጠነ ነው።

ደግሞ አታብሽቁኝ እንጂ ያ ሕንፃ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ማግኘት ይቸግራል። ወለሉ መሃሉ ላይ ከፍ ይላል፣ በረጅሙ ጎን ወደ 11 ሳንቲ ሜትር። ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ይላሉ። ዳሌ ማዘንበል የተማረ አገር ሕንፃውንም አዘነበለው ልበል?


የአቴንሷ፦

ስለ ወለሉ እውነት ነው። ደረጃው ጫፍ ላይ ዝቅ ብላችሁ ብታዩ መሃሉ ያበጠ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ በእርጅና የተጣመመ መስሎኝ ነበር።


አንጥረኛው፦

@የአቴንሷ ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ድንጋይ ቀራጭ ዓይን ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቀርጾ በቀለም ይሥለዋል። ነሐስ ሠሪ ግን አይችልም። ዓይኑን ባዶ ትቶ፣ ከመስታወት ወይም ከድንጋይ ለብቻ ሠርቶ ይተክለዋል። እሑድ ከሄድሽ ያንን ጉልበቱ የላላውን ልጅ ዓይኑን እዪልኝ። ድንጋይ ነው ብለሻል አይደል? ጸጉሩንም እዪ። ሌላ ምንም አልልሽም።


ጀማሪ፦

ጋሼ ፈተና አወጡ። እሑድ እዚሁ ነኝ።


መንገደኛው፦

እኔም። ሚስቴ «ከማን ጋር ነው የምታወራው» እያለች ነው።


የአቴንሷ፦

ሄጄ መጣሁ። ዝናብ ነበር፣ ሙዚየሙ በሰው ጢም ብሏል። ልጁ ጋ ሁሉም ይቆምና ፎቶ አንስቶ ያልፋል። እኔ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ፤ ጥበቃው ማየት ጀመረ።

ጋሼ፣ ዓይኑ የለም። ሁለት ጉድጓድ ነው። ስንት ጊዜ አይቼው ተሰብሮ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አልተሰበረም። ዙሪያው የተስተካከለ ነው፤ የሆነ ነገር ሊገባበት ተብሎ የተቦረቦረ። ኮሬዎቹን ዞሬ አየሁ። የአብዛኞቹ ዓይን ድንጋዩ ላይ ነው የተቀረጸው፣ አንዳንዷ ላይ የቀለም ርዝራዥ ይታያል። የሱ ግን ባዶ ነው።

ጸጉሩን ራሱ ዙሪያ ባለ ቀለበት ነገር ላይ ጠቅልሎታል። ከአንገቱ ላይ አጫጭር ጸጉሮች አምልጠው ወጥተዋል። እነሱ የተቀረጹ አይመስሉም፤ በጣም ቀጭን ናቸው፣ በመርፌ የተጫሩ ይመስላሉ።

ከዚያ ጀርባውን ዞርኩ። የኩሮሶቹ አከርካሪ በገመድ የተለካ ቀጥ ያለ ቦይ ነው። የሱ ግን ታጥፏል፤ በጣም በትንሹ።


አንጥረኛው፦

ሰም ላይ በመርፌ ነው ጸጉር የሚጫረው።

ያ ልጅ ድንጋይ ነው። የሠራው ሰው ግን ነሐስ ቤት የዋለ ነው፣ ወይም ነሐስ ቤት ያለውን ሰው ሥራ ሲያይ ያደረ። ዓይኑን እንኳ እንደነሱ ተከለለት።


ሞጋች፦

ጋሼ፣ ይህን እቀበላለሁ። ጦርነቱን ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣውም። ልጁን ያቆሙት ሰዎች ከተማቸው ተቃጥሎ የተመለሱ ከሆኑ፣ ዝም ያለ ፊት መምረጣቸው አይገርመኝም። እጁ አስቻላቸው፣ ዘመኑ አስፈለጋቸው።


ጀማሪ፦

እና ፈገግታው?


የአቴንሷ፦

አፉን ዘግቷል። ግን ከታች ወደ ላይ ካያችሁት ከንፈሩ ዳር ላይ ትንሽ የቀረች ነገር አለች። ብርሃኑ ይሁን አላውቅም።

ጋሼ፣ በፋሲካ እረፍት ዴልፊ ልሄድ ነው፣ በአውቶቡስ 3 ሰዓት ነው። እዚያ የነሐስ ሠረገላ ነጂ አለ፣ ዓይኑ ከነሙሉው የተረፈ። ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አለ ይባላል። ምን ልይልዎት?


አንጥረኛው፦

ሽፋሽፍቱን። ከምንድነው፣ እንዴት ነው የተሰካው። ከቻልሽ ቁጠሪልኝ።